ቆቋ የማን ናት?

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጥቶ አባቴ ቤት ባደረ በማግስቱ፣ ሊነጋጋ ሲል ከአጥሩ ሥር ቆቅ ስትጮኽ ሰምቶ ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። «አጎቴ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። ቆቅ ናት አልኩት። ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ ሸንተረሩን ሲያይ ቆየና ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። «ያ ማሳ የማን ነው? ለማደን ማንን ነው የማስፈቅደው?»

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ቦታው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጎዛምን ወረዳ ነበር። ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። እኔና አባቴ ግን መልሷን ስንፈልግ አራት ቀን ፈጀብን። ውጭ አገር የተወለደ የልጅ ልጅ ያላችሁ አያቶች፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይህችው ጥያቄ ትገጥማችሁ ይሆናልና ያየነውን ላጫውታችሁ።

ልጁ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ያደገው ሳውዝ ዳኮታ በሚባለው ግዛት፣ ሲዩ ፎልስ ከተማ ነው። ያ አገር ስንዴና በቆሎ የሚታረስበት ሜዳ ሲሆን፣ በአደን በኩል የሚታወቀው ፌዛንት በምትባል ወፍ ነው። ፌዛንት ከዶሮና ከቆቅ ጋር አንድ ወገን ናት። ወንዱ ጅራቱ ረጅም፣ አንገቱ አረንጓዴ፣ ዓይኑ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ሴቷ አፈር መሳይ ናት። የሚገርመው ወፏ የአሜሪካ ተወላጅ አለመሆኗ ነው። ኦወን ዴኒ የሚባል የአሜሪካ ቆንስል እ.ኤ.አ. በ1881 ከቻይና፣ ከሻንጋይ አስጭኖ ወደ ኦሪገን ግዛት ልኳት ነው የተራባችው። ሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያውን የአደን ቀን የፈቀደችው በ1919 ሲሆን፣ በ1943 ደግሞ ይህቺኑ መጤ ወፍ የግዛቲቱ መለያ አድርጋታለች።

የእህቴ ልጅ አደን የተማረው ከጓደኛው አባት ነው። በጥቅምት ወር ወቅቱ ሲከፈት ወደ ገበሬው ቤት ይነዳሉ፣ መኪናውን ከበሩ ራቅ አድርገው ያቆማሉ፣ ቆብ አውልቀው ያንኳኳሉ። «ጌታዬ፣ ዛሬ ማሳዎ ላይ ብንሄድ ይፈቅዱልናል?» ይላሉ። እሺ ካለ ይገባሉ፣ እምቢ ካለ አመስግነው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ካደኑት ላይ ተልጦ የተዘጋጀ ወፍ ለባለመሬቱ ይሰጣሉ። ግዛቲቱም ለአንዳንድ ገበሬዎች ገንዘብ እየከፈለች መሬታቸውን ለአዳኝ ክፍት ታስደርጋለች። ውሻው በሽታ ተከትሎ ወፏን ያስነሣል፣ ስትወድቅም በአፉ ይዞ ያመጣል። አንድ ሰው በቀን ከሦስት ወንድ በላይ መምታት አይችልም፤ ሴቷን መንካት ክልክል ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ እያስተረጎመ ሰማና ደስ አለው። «አስፈቅዶ የሚገባ ልጅ ነው ያሳደገችልን» አለ፣ እህቴን ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ሸንተረሩ እያመለከተ መቁጠር ጀመረ። ይህቺ የእገሌ፣ ከግራሯ ወዲያ የወንድሙ፣ ከቦዩ በላይ የቄሱ፣ ከዚያ የእማሆይ፣ ያ ጥቁር አፈር የወል ግጦሽ፣ ባህር ዛፉ የወጣቶቹ። ልጁ በስልኩ ሊጽፍ ሞከረና ተወው።

እሱ በለመደው አገር መሬት የተሸነሸነው በካሬ ማይል ነው፤ አንዱ ካሬ 259 ሄክታር ገደማ ይሆናል። አንድ በር ካንኳኳህ ለግማሽ ቀን የሚበቃ መሬት አገኘህ ማለት ነው። በእኛ ደጋ አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያህል ያለው ቤተሰብ ደህና አለው ይባላል፤ ያም ቢሆን ሦስትና አራት ቦታ ተበጣጥሶ ነው። ቆቅ ከአንዱ ገብስ ተነሥታ ቁጥቋጦ እስክትገባ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ብትበር የአራት አምስት ቤተሰብ ማሳ አቋርጣለች። ውሻ ደግሞ ደብተር አያነብም። አባቴ ቆጥሮ ሲያበቃ፣ ልጁ ከቤታችን እስከ ወንዙ ለመውረድ 17 በር ማንኳኳት ነበረበት።

በዚያ ላይ «የማን ነው?» ስትል ራሱ ቃሉ ይከብዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ያርሰዋል፣ ያከራየዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፣ ያለ ሕግ አይነቀልም። ስለዚህ አሜሪካ እንዳለው ዓይነት የግል መሬት ጎጃም ውስጥ የለም። የለም ማለት ግን ባለቤት የለውም፣ ደስ ባለህ ግባበት ማለት አይደለም። ልጁ መጀመሪያ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የመንግሥት ከሆነማ ክፍት ነው» አለ። እሱ አገር የመንግሥት መሬት ብዙውን ጊዜ ለአዳኝ ክፍት ነውና አይፈረድበትም። አባቴ ሳቀና «ና እስቲ ጠይቀህ እይ» ብሎ ከዘራውን አነሣ።

የመጀመሪያው ቤት የእማሆይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆየት ብሏል፤ ቆብ ደፍተው ይኖራሉ። ገና ከሩቅ ልጁን አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሏል፣ በስልኩም ማሳውን ፎቶ እያነሣ ነበር። «ምን ሊለካ ነው የመጣው?» አሉ አባቴን።

ይህን የአንዲት አሮጊት ፍርሃት ብላችሁ አትለፉት። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሊጥል ገማቾቹን ሲልክ የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው፣ ዛሬ የሚገመተው ነገ ርስቴን ሊወስድ ነው ብሎ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ርስቱም ጉልቱም በአዋጅ ቀረ። በ1989 ደግሞ የመሬት ሽግሽግ መጥቶ ከአንዱ ተቆርሶ ለሌላው ተሰጠ። ያልታወቀ ሰው ማሳ ዳር ቆሞ አሻግሮ ሲያይ የዚህ አገር ሰው የሚያስበው ቆቅን አይደለም።

አባቴ ተቀመጠ፣ ቡናው ተፈላ፣ ነገሩ ቀስ እያለ ተብራራ። እማሆይ ልጁ የማን እንደሆነ፣ እናቱ በልጅነቷ የት ትጠብቅ እንደነበር ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አመጡና የራሳቸውንና የባላቸውን ፎቶ አሳዩት። የአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ሲጀምር ሙከራ ከተደረገባቸው ወረዳዎች አንዱ ጎዛምን ነው። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ መለጠፉ እንደ እማሆይ ላሉ ባል ለሞተባቸው ሴቶች ምን ያህል ጋሻ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። ልጁ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ።

«እንግዲህ አንቺው ነሽ የምትፈቅጂልኝ» አላቸው በሰባራ አማርኛ። አንቺ ማለቱን አባቴ በክርኑ ጎሸም አድርጎ አስተካከለው፤ «አንቱ በል»። እማሆይ ሳቁ። መልሳቸው ግን እሺም እምቢም አልነበረም። ገብሱን የሚያርስላቸው ሌላ ሰው ነው፣ በእኩል። ስለዚህ መሬቱ የእሳቸው ቢሆንም አዝመራው የሁለት ሰው ነው፤ አራሹም መጠየቅ አለበት። ደግሞም ነዶው ገና አውድማ ላይ ነው። አውድማው ላይ ውሻ እንዲረግጥ የሚወድ ገበሬ እኔም አላውቅም። «እህሉ ጎተራ ይግባና ያን ጊዜ ና» አሉት።

ይህ «ያን ጊዜ ና» የዘፈቀደ አነጋገር አይደለም። በደጋው የማሳ ፈቃድ ወቅት አለው። ከዘር እስከ አጨዳ ማሳ ክልክል ነው፤ የሰው ዶሮ እንኳ ቢገባበት ያጣላል። አዝመራው ተነሥቶ ቃርሚያው ካለቀ በኋላ ግን ማሳው ለከብቱ ይለቀቃል፣ እረኛው ከዳር እዳር ይነዳል፣ ወሰኑም እስከ በልግ ይረሳል። የአባቴ ትውልድ ቆቅ ያባርር የነበረው በዚያ ወቅት ነው። ሳውዝ ዳኮታ በሕግ የከፈተችውን በር የእኛ ገበሬ በልማድ ሲከፍተው ኖሯል፤ ልዩነቱ በሩ የሚከፈተው ለታወቀ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

በሁለት ቀን ውስጥ አራት ቤት ገባን፣ አራት ቦታ ቡና ጠጣን። አንዱ ጎልማሳ «ኧረ ውሰዱልኝ፣ ዘር በዘራሁ ቁጥር እየጫረች የምትበላኝ እሷ ናት» አለ። ሌላው «ተኩስ ከብቴን ያስደነግጥብኛል» ብሎ እምቢ አለ። አራተኛው ቤት የገባነው ለፈቃድ አልነበረም፣ ለይቅርታ እንጂ፤ የአባቴ ውሻ ነብሮ አደን የወጣን መስሎት አንዲት ጫጩት ያቀፈች ዶሮ አባሮ ቆንጥሯት ነበር። ዋጋዋን ከፈልን። ልጁ ከኪሱ ሊያወጣ ሲል አባቴ ከለከለው፤ «ውሻው የእኔ ነው»።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብረ ማርቆስ ወርደን አንድ የመንግሥት ባለሙያ ጠየቅን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ከፈገግታ በቀር አላሾፈብንም። ያስረዳን እንዲህ ነው። መሬቱን ገበሬው ቢፈቅድላችሁ እንኳ ወፏን ሊፈቅድላችሁ አይችልም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ወፍም የዱር እንስሳ ናት። ያለ ፈቃድ ያደነ በገንዘብም በእስራትም ይቀጣል። ፈቃዱ የሚሰጠው ከሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ከቀበሌ አይደለም። ጠመንጃው ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። (ከዚያ ወዲህ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ይህን የበለጠ አጥብቆታል።)

ልጁ ይህኛውን ለመቀበል አልተቸገረም። እሱም አገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ገበሬው የመሬቱ ጌታ ቢሆንም በመሬቱ ላይ የምትሄደው ወፍ የሕዝብ ናት፣ ፈቃድ ሳይገዙ አትነካም። የተቸገረው አባቴ ነው። «ያቺ ከአጥሬ ሥር የምትጮኸው ቆቅ? እኔ ከነእናቷ የማውቃት?» አለ። ባለሙያው «እሷው አባቴ» አሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አባቴ የልጅነቱን አደን ሲተርክ ሄደ። እሱ በጎረመሰበት ዘመን አዳኝ የሚባለው አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ ነው፤ የሚፎከረውም የሚዘፈነውም ለዚያ ነው። ቆቅ የገደለ አይፎክርም። ቆቅ የእረኛ ልጅ ጉዳይ ናት። ከፈረስ ጭራ ወጥመድ ይፈትላሉ፣ በእሾህ አጥር መሐል ሽንቁር ትተው ያጠምዳሉ። ወይም ሦስት አራት ሆነው በታጨደ ማሳ ያባርሯታል። የመጀመሪያው በረራዋ ረጅም ነው፣ ሁለተኛው ያጥራል፣ ሦስተኛው ላይ ትደክምና ሣር ውስጥ ትሸጎጣለች። ያን ጊዜ ነው ምዝግዝግ የሚወረወረው፤ ምዝግዝግ ማለት እየተሽከረከረ የሚሄድ ቆመጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ይስታል። «ምዝግዝግ ወዲያ፣ ቆቅ ወዲህ» የምንለው ተረት ከየት እንደመጣ ልጁ ያን ቀን ተማረ።

ውሻስ? ውሻ ነበረ፤ ግን የአሜሪካውን ሥራ አይሠራም። ቆቋ ለመበላት በነፍሷ ተይዛ፣ በስመ አብ ተብሎ በቢላ መታረድ አለባት። ውሻ ሰብሮ የገደላትን ክርስቲያን አይበላም፤ የአውሬ ጥርስ ያረፈበት ነውና። ስለዚህ የልጆቹ ሩጫ ከቆቋ ጋር ብቻ አልነበረም፣ ከውሻውም ጋር ነው። ቀድሞ የደረሰ ያርዳል፣ ውሻው ከቀደመ የውሻው ናት። የሲዩ ፎልሱ ልጅ ወፉን በአፉ ይዞ የሚያመጣ ውሻ ስለ ማሠልጠን ሲያወራ የከረመ ነውና ይህን ሲሰማ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። «ስለዚህ እዚህ ውሻው ተፎካካሪ ነው?» አለ። እስላሙም ጎረቤታችን ቢሆን አስቀድሞ ማረድ እንዳለበት አባቴ ነገረው። በጥይት የወደቀችም ብትሆን ነፍስ ሳይወጣ ካልተደረሰባት ለእናቴ ድስት አትበቃም ነበር። እናቴ ደግሞ ቆቅ ሥራው ብዙ፣ ሥጋው ደረቅ ነው፣ ከአንድ ዶሮ ይልቅ ሁለት እጥፍ ቅቤ ይጠጣል ብላ አትወዳትም።

ስለ ቆቋ ራሷ ጥቂት ልበል። አባቴ አጥር ሥር የምትጮኸው ትልቋ የደጋ ቆቅ ናት። አናቷ ቡኒ፣ ግንባሯ ጥቁር፣ ጉሮሮዋ ነጭ ነው፤ ትልቁ ወንድ ከኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እግሩ ላይም ሁለት ሁለት ጉጥ አለው። የጀርመኑ አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን መጥቶ ከሰበሰባቸው ወፎች አንዷ ስትሆን፣ በሳይንስ ስሟ ኤርክል የሚባል የፍራንክፈርት ሙዚየም ረዳቱ ስም ተሰጥቷታል። ልጁ በስልኩ ሲፈልጋት ያገኘው ነገር ሁላችንንም አስደነቀን። እ.ኤ.አ. በ1957 ይህቺው ቆቃችን ለአደን ተብላ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዳ እዚያ ተራብታለች። ዛሬ አሜሪካኖች በፈቃድና በውሻ ያድኗታል። አባቴ «እሷም እንደናንተ ተሰዳ ነዋ!» አለው።

እዚህ ላይ ልጁ አንድ ብልህ ነገር አየ። በፌዛንት ወንዱና ሴቷ በቀለም ስለሚለያዩ ሴቷን ማትረፍ ይቻላል፤ ሕጉም የቆመው በዚያ ላይ ነው። የእኛዎቹ ወንድና ሴት ግን ላባቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሴቷ አነስ ትላለች እንጂ በበረራ ላይ ማን ይለያታል? እናቲቱን የመታ ጫጩቱንም መታ። ከዚህም የባሰ አለ። በዓባይ ሸለቆና በገባሮቹ ገደላ ገደል የምትኖር ሌላ ቆቅ አለች፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነች፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የለችም። በጃማ ሸለቆ በኩል በይበልጥ ትታወቃለች። የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ ለማገዶና ለእርሻ እየተመነጠረ ባለበት ጊዜ፣ እንቁላሏንም የሚለቅም ልጅ እያለ፣ ለይቶ የማያውቅ አዳኝ ቢጨመርባት ምን ይቀራል? ወደ ደጀን በረሃ ልጆች ይዛችሁ ስትወርዱ እንቁላል እንዳይነኩ ብቻ ብትነግሯቸው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የውሻው ነገር። በዚህ ላይ ቆየት ማለት እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይመለከተዋል። ልጁ ነብሮን ሲያሻሽ «ክትባቱን መቼ ነው የወሰደ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ መልስ አልነበረውም። የገጠር ውሻ ጅብ እንዲከላከል ይያዛል፣ ከማዕድ ትራፊ ይበላል፣ ቤት አይገባም፤ ክትባት የሚያስታውሰው የለም። ውሻን ለአደን ይዞ መውጣት ማለት ደግሞ ከሌላ ሰፈር ውሻ፣ ከቀበሮና ከጅብ ጋር ማገናኘት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ባበደ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ልጅ ሲነከስ ወይም ሲቧጨር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ጠበሉም ጸሎቱም አይቅር፤ ክትባቱ ግን ቀን አይጠብቅም። ነብሮ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ተከተበ። በገመድ እየተጎተተ ከተማ ሲገባ ያፈረው ከአባቴ ይበልጣል።

ውሻ ወደ ጮቄ ይዞ መውጣትንም አባቴ አልፈቀደም፤ ልጁ ጅባራውንና አስታውን በፎቶ አይቶ እዚያም አደን አለ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ አይቷል። ዛሬ በጮቄ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ጠፍቷል። በመላው አገራችን የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ በባሌም ደጋግሞ የፈጃቸው ከሰው ውሻ የተላለፈ በሽታ ነው። በሰሜንም በባሌም ውሻ ይዞ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ይህን ይወቅ።

በአራተኛው ቀን ያለ ጠመንጃ ወጣን። ነብሮ በገመድ፣ ልጁ በመነጽሩ፣ አባቴ በከዘራው። የሄድነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው። ሸንተረሩ ላይ ያልታረሰ ዛፍ የቀረው እዚያ ብቻ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው። በዚህ ነገር የደከሙት የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ፣ ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምታውቋቸው፣ የሰሜኑን የአብያተ ክርስቲያናት ደን ለዓለም ያሳወቁ ሰው ናቸው። ከቅጥሩ ውስጥ እንስሳ አይገደልም፤ ማንም ሕግ ጽፎ አልለጠፈም። ቆቆቹም ይህን የሚያውቁ ይመስል ቀን ቀን ከቅጥሩ አይርቁም፣ ማታና ጠዋት ወደ ማሳው ይወጣሉ። ነብሮ ሽታቸውን ሲያገኝ ጆሮውን አቁሞ ቀጥ አለ። ልጁ በሹክሹክታ «አያችሁት? ጠቆመ!» አለ፤ አሜሪካ ለዚህ ሁለት ዓመት ያሠለጥናሉ አለን። እኔ የመሰለኝ ነብሮ የዶሮዋን ዱላ አስታውሶ ነው።

ስድስት ቆቅ አየን። ልጁ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ፣ ድምፃቸው እንደ ተቀደደ አቡጀዴ። አባቴ ባዶ እጁን ወርውሮ «ምዝግዝግ!» ብሎ ጮኸ። 74 ዓመቱ ነበር።

ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቃላችሁ። ዛሬ በጎጃም ደጋ ተኩስ የሚሰማ ሰው ቆቅ ታደነች ብሎ አያስብም፣ በማያውቀው ማሳ መሣሪያ ይዞ የሚታይ ወጣትም ፈቃድ አለኝ ለማለት ጊዜ ላይሰጠው ይችላል። ልጆቻችሁ «የአያቴ አገር ሄጄ ላድን» ቢሏችሁ በዚህ ጊዜ መልሱ አይሆንም ነው። ሰላሙ ሲመለስም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ያው እኛ በተገላቢጦሽ የሄድንበት ነው፤ አስቀድሞ የወፏን ፈቃድ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከዚያ የጠመንጃውን፣ መጨረሻ የማሳውን ከባለይዞታውና ከአራሹ። እኛ ከማሳው ጀምረን አራት ቤት ቡና ጠጣን። አልቆጨንም፤ እናቱ የት ትጠብቅ እንደነበር ልጁ የሰማው በዚያ ቡና ላይ ነው።

አባቴ አሁን 80 አልፎታል። መስመሩ ሲሠራ ልጁ ከሲዩ ፎልስ ይደውላል፤ ነብሮ መኖሩን፣ ቆቋ መጮኋን ይጠይቃል። ነብሮ አርጅቷል፣ ጥርሱም ተነቃቅሏል። እማሆይ ደግሞ አባቴን በሰንበቴ ባገኙት ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ያ አንቺ ያለኝ ልጅ የታለ? እህሉ ከገባ ስንት ዓመቱ!»